የነጩ ገደል አበባ

የአባይን በረሃ ስንት ጊዜ እንደወረድኩና ስንት ጊዜ እንደወጣሁ የሚያውቀው የመኪናዬ ፍሬን ብቻ ነው። ሹፌር ነኝ። ከደብረ ማርቆስ ተነስቼ በአምበር በኩል ደጀን እደርሳለሁ፤ ሰው ከሞላልኝ ደግሞ ቁልቁል ወርጄ፣ ድልድዩን ተሻግሬ፣ ጎሐ ጽዮን እወጣለሁ። ቁልቁለቱ ሲጀምር ተሳፋሪው ሁሉ ስልኩን ያወጣና በመስኮት ፎቶ ያነሳል። ወይ ሲያምር፣ ወይ የእግዜር ሥራ፣ ይላል። እኔ ሲያምር አላየሁትም። ሹፌር የሚያየው መንገዱን፣ ከፊቱ የሚንፏቀቀውን ተሳቢና ከመታጠፊያው ጀርባ ሊመጣ የሚችለውን እብድ ነው። መሪ ይዞ ስለ መልክዓ ምድር የሚያወራ ሹፌር ካጋጠማችሁ ቶሎ ውረዱ።

እንዲህ የምል ሰው ስለ አንዲት አበባ ልጽፍ መቀመጤን የመናኸሪያ ጓደኞቼ ቢሰሙ መሳቂያ ያደርጉኛል። ይሳቁ። እነሱ አላዩም፣ እኔ አይቻለሁ።

የተወለድኩት ከደጀን ትንሽ ወጣ ብሎ፣ ደጋው አልቆ ገደሉ በሚጀምርበት አፋፍ ላይ ባለ መንደር ነው። ከላይ ጤፍና ስንዴ ይዘራል፣ የጠዋቱ ብርድ ጋቢ ያስደርባል። ከአፋፉ ዝቅ ሲሉ ግን ሌላ አገር ነው። ጥቁሩ ድንጋይ ያልቅና ነጭ የኖራ ድንጋይ ይጀምራል፤ ሣሩ ይጠፋል፣ ዛፉ እሾህ ብቻ ይሆናል፣ ሙቀቱ ከሥር እንደ ምድጃ ይመታል። የመንደራችን ሰው ያንን ቦታ ነጭ ገደል ይለዋል። ከላይ የለበሱትን ልብስ እዚያ ሲደርሱ አውልቀው በትከሻ መያዝ ነው።

ከነጩ ገደል ሥር፣ ገደሉ ራሱ እየተፈረፈረ የሚጥለው፣ እንደ ዱቄት የላመ አፈር አለ። ቤተክርስቲያናችን ከጥንት ጀምሮ የሚመረገው በዚህ ነጭ አፈር ነበር። አሁን ሕንጻው የፋብሪካ ቀለም ተቀብቷል። ደጀሰላሙ፣ ማለትም በቅጥሩ መግቢያ ላይ ያለው ባለ ጣራ ቤት፣ ያ ግን እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የጭቃ ነበር። በየጥቂት ዓመቱ፣ ክረምት ሳይገባ፣ ሰው ወርዶ አፈሩን ያመጣል፤ ከጤፍ ጭድ ጋር ይቦካል፣ ግድግዳው ይመረጋል፣ ሲደርቅ ከአስፋልቱ ድረስ ነጥቶ ይታያል። ለዚህ ሥራ አባቴን የሚቀድመው አልነበረም። ገበሬ ነው፣ የራሱ ሥራ ሞልቶታል፤ ግን ግንቦት ሲገባ አህዮቹን ነድቶ ይወርዳል። ለነፍሴ ነው ይል ነበር።

ገደሉ የተናደ ቀን እኔ ባሻገር ባለው መንገድ ላይ ነበርኩ። ያኔ መሪ አልያዝኩም፣ የአይሱዙ ረዳት ነኝ። ከድልድዩ ወደ ደጀን ጭነት ይዘን እየተንፏቀቅን ስንወጣ፣ ከወዲያ ማዶ ነጭ አቧራ ተነስቶ ወደ ሰማይ ሲወጣ አየን። ሹፌሩ ቀልደኛ ነበርና አባይ ዛሬ እህል እያስፈጨ ነው አለ፤ ሁለታችንም ሳቅን። አቧራው ለረጅም ጊዜ አልወረደም። ደጀን ስንደርስ ሰዎች እኔን እየፈለጉ ነበር።

አህዮቹ ተርፈዋል። ጭነታቸውን እንደተሸከሙ ብቻቸውን ዳገቱን ወጥተው ደጃፍ ላይ ቆሙ። እናቴ ያወቀችው እነሱን አይታ ነው።

አገር ምድሩ አባቴን ሊያወጣ ወረደ። የወደቀው ድንጋይ ግን አንዱ አንዱ የቤት ያህል ነው፤ ማሽን የሚገባበት መንገድ የለም፣ በሰው ጉልበት የሚነቃነቅ አይደለም። ሲያቅት ካህናቱ እዚያው ገደሉ ሥር ቆመው ጸሎተ ፍትሐት አደረሱለት። ሰው አልቅሶ ወጣ። አባቴ እዚያው ቀረ።

እናቴ ባሏን በማጣቷ ካለቀሰችው ይልቅ አጥንቱ ቤተክርስቲያን ባለመግባቱ ያለቀሰችው ይበልጣል። ይሄን ለከተማ ሰው ማስረዳት ያስቸግራል። እኛ ዘንድ ባልና ሚስት ጎጆ ብቻ አይደለም የሚጋሩት፣ መቃብርም ነው። የሷ እናትና አባት ከደጀሰላሙ ጎን አጠገብ ለአጠገብ ናቸው፤ የአባቴም ወላጆች እንዲሁ። እሷ ግን ብቻዋን ልትተኛ ነው። የቤተክርስቲያኑን ንብረት የሚጠብቁት ቄሰ ገበዝ፣ የነፍስ አባታችንም ናቸው፣ መጥተው አጽናኗት፤ ለእግዚአብሔር ገደል ምኑ ነው፣ በምጽአት ቀን ከየትም ይሰበስባል አሏት። እጃቸውን ስማ ሸኘቻቸውና ወደኔ ዞረች።

«ለሱማ ምን ይሳነዋል» አለችኝ። «እኔ ነኝ የቸገረኝ። እስከዚያ ማን አጠገቡ ይሆናል?»

በርበሬ አልቆብሽ እንደሆነ ከማርቆስ ላምጣ አልኳት። እንዲህ ነኝ፣ ሲጨንቀኝ ስለ በርበሬ አወራለሁ።

ዓመቱ ሲደርስ፣ እንደገና ግንቦት፣ እናቴ ለማንም ሳትናገር ብቻዋን ወረደች። ስትመለስ ፊቷ ተለውጧል። ከተናደው ገደል ላይ፣ ትኩስ በተሰነጠቀው ድንጋይ ውስጥ፣ አበባ አየሁ አለች። እኔ አላመንኳትም። ግንቦት ላይ፣ ዝናብ ከተቆረጠ ስንት ወር አልፎት፣ የበረሃው እሾህ እንኳ ቅጠሉን አራግፎ፣ በባዶ ድንጋይ ላይ አበባ? እሺ እማዬ አልኳት፣ ሰው አሮጊት ሲያባብል በሚናገርበት ድምፅ። እሷ ደግሞ ያንን ድምፅ በደንብ ታውቀዋለች፤ የዚያን ዕለት እራት ስትሰጠኝ ወጡን አሳነሰችብኝ።

ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ትወርድ ነበር። ተመልሳ የምትለው አንድ ነገር ነው፦ ወጥታለች። ስም የላትም፣ «እሷ» ብቻ ነው የምትላት። መንደሩን ብትጠይቅ የሚያውቃት የለም፤ ፍየል ጠባቂዎች ሌላ ቦታ አላየንም አሉ። ቄሰ ገበዙ በግዕዝ መጠሪያ አይጠፋላትም፣ ፈልጌ እነግርሻለሁ ብለው ነበር። እስከ ዛሬ እየፈለጉ ነው።

ጉልበቷ መታመም ሲጀምር ነገር መጣ። ጤና ጣቢያ ወሰድኳት፣ ቁልቁለትና ዳገት ይቅርብሽ አሏት። ግንቦት ሲደርስ ውሰደኝ አለች። ተቆጣሁ። ሐኪሙ ያለሽን ረሳሽው ወይ፣ እዚያ ብትወድቂ ሁለታችሁንም በምን አወጣለሁ፣ እኔ ሥራ ፈት መሰልኩሽ ወይ፣ ያልኩት ብዙ ነው። እስክጨርስ በትዕግሥት ጠበቀችና ምርኩዟን አንስታ ወደ አፋፉ መሄድ ጀመረች። እናቴን እዚህ ላይ የሚከራከራት የማያውቃት ሰው ብቻ ነው። ሮጬ ከጎረቤት በቅሎ ለመንኩ፣ አፈናጠጥኳት፣ ልጓሙን ይዤ እያጉረመረምኩ ወረድኩ።

ስንወርድ መኪና ላይ ሆኜ የማላውቀውን አገር አየሁ። በመስኮት የሚያልፈው ነጭ ነገር በእግር ሲቀርቡት ግድግዳ ነው፤ አንገት እስኪሰበር ቀና ቢሉም ጫፉ አይታይም። ድንጋዩን ጠጋ ብዬ ብመለከተው ውስጡ ዛጎል ሞልቶበታል። ከድንጋዩ ጋር አብሮ የደረቀ፣ እውነተኛ ዛጎል። አንድ ጊዜ ጋቢና የተሳፈረ አስተማሪ ይሄ ሁሉ ድሮ የባሕር ወለል ነበር ሲለኝ፣ በሆዴ ደሞዝ ቢያንሰው ነው እንዲህ የሚቀባጥረው ብዬ ነበር። አሁን እጄን ዛጎሉ ላይ አድርጌ ቆምኩ። ሙቀቱ ጉሮሮ ያደርቃል፣ ምራቅ የለም፣ እኔ ደግሞ ባሕር ውስጥ ቆሜያለሁ።

«እሱን ተወውና ወዲህ ና» አለች እናቴ ከበቅሎዋ ላይ።

ከወደቁት ትልልቅ ድንጋዮች በላይ፣ ከቆመ ሰው ራስ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ጣት የማያስገባ ስንጥቅ አለ። መጀመሪያ ምንም አላየሁም። ቅጠሎቿ አመድማ ናቸው፣ እንደ አህያ ጆሮ ጸጉር አላቸው፤ ከድንጋዩ አይለዩም። ከቅጠሉ መሃል ክር የመሰሉ አገዳዎች ወጥተዋል፣ በየጫፋቸው አበባ። ቀለሟ የተልባ አበባ ነው፣ ግን ወደ ወይን ጠጅ ያደላል፤ መሃሏ ቢጫ ነው። ቅንጣት ነፋስ የለም፣ እሷ ግን ትንቀጠቀጣለች። ከገደሉ በሚወጣው ወላፈን ነው። በዚያ ነጭ ግድግዳ ላይ፣ ከላይ እስከ ታች፣ ከግራ እስከ ቀኝ፣ ሌላ ሕይወት ያለው ነገር አይታይም።

እያየኋት አንዲት ደቃቃ ንብ መጥታ ገባችባት። ይሄ ነው የገረመኝ፣ እስከ ዛሬም የሚገርመኝ። ይቺ ንብ ከየት መጣች? በዚህ ሁሉ በረሃ አንዲት አበባ ብቻ ብትኖር ማን ነገራት? እኔ ማርቆስ መናኸሪያ ላይ ጎሐ ጽዮን፣ ጎሐ ጽዮን እያልኩ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጮኬ ሰው አላገኝም፤ እሷ ምንም ሳትል እንግዳዋ መጣላት።

እናቴ ፊቷን ወደ ድንጋዩ መልሳ የቤቱን ወሬ ለአባቴ ትነግረው ጀመር። ላሟ ወልዳለች፣ የታችኛው ማሳ ዘንድሮ ስንዴ ነው፣ የጎረቤት ልጅ ተዳረች፣ ድግሱ ላይ ጠላው ቀጥኖ ነበር። ቀስ ብላ፣ ሳታለቅስ፣ ማዕድ ላይ እንደተቀመጠች ሴት ነው የምታወራው። በየዓመቱ ብቻዋን የምትወርደው ለዚህ እንደነበረ ያን ጊዜ ገባኝ። ስንመለስ መንገድ ላይ በቅሎዋን አላጣደፍኳትም።

በዚያው ሰሞን ቄሰ ገበዙ ሽማግሌዎች ይዘው ወደ ቤት መጡ። ገደሉ ከተናደ ወዲህ ነጭ አፈር ያመጣ የለም፤ ደጀሰላሙ ጥቁር ጭቃ ተመርጎ ክረምት እየበላው፣ ግድግዳው እየረገፈ ነው። ቦታው ያንቺ የሐዘን ቦታ ነውና ሳንጠይቅሽ አንቆፍርም አሏት። እናቴ ነደደች። በባሌ ደረት ላይ ዶማ ልትመቱ ነው ወይ አለቻቸው። ሽማግሌዎቹ ተሳቀው ወጡ፣ ቄሰ ገበዙም አልፈረዱባትም።

ከጥቂት ቀን በኋላ ግን ራሷ ምርኩዟን ይዛ ሄደች። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የለፋበት ግድግዳ ሲረግፍ እንቅልፍ ነስቷት ነበር። ፈቀደችላቸው፣ ነገር ግን ውል አስገባቻቸው። ዶማም አካፋም መሬቱን አይነካም። ገደሉ ራሱ ከላይ የጣለው፣ ድንጋዮቹ ላይ የተኛው አቧራ፣ እሱ ብቻ በመጥረጊያ ተጠርጎ ይነሳል።

በረሃ ሊጠረግ ነው ተብሎ መንደሩ ሳቀ። እኔም ስቄያለሁ። ግን የእናቴ ነገር ነውና ሴቶቹ መጥረጊያቸውን ይዘው ወረዱ። እሷ በቅሎ ላይ ሆና እንደ መንገድ ሥራ አለቃ ታዛለች፦ እዚህ ጋ ጥረጉ፣ እዚያ ጋ ቀስ በሉ፣ ያንን ድንጋይ በእጃችሁ አብሱት። ከአበባዋ ሥር ያለውን ነጭ አቧራ ከነጭራሮው ከነደረቅ ቅጠሉ ጠርገው በማዳበሪያ ከረጢት ሞሉት። መራጊው ኋላ ሲያማርር ነበር፤ ይሄ አፈር ነው ወይስ የቤት ጥራጊ፣ ገለባ ብቻ ነው አለ። ቢሆንም አቦካው፣ መረገው፣ ደረቀ፣ ነጣ። እናቴ ወደ ቅጽሩ ስትገባ ግድግዳውን በእጇ ዳስሳ ነበር የምታልፈው።

ቀጥሎ ባለው ዓመት መንገዱ ተዘግቶ ነበር። ስለ መንገድ መዘጋት ለጎጃም ሰው አላወራም፣ ሁላችንም እናውቀዋለን። ማርቆስ ተቀምጬ ግንቦት አለፈ።

ሲከፈት ሄድን። በዚያ ዓመት በልግ የሚባል ነገር ጠብ አላለም፣ ፀሐዩ ደጋውን እንኳ አቃጥሎታል። አበባዋ ወጥታለች፣ ግን እናቴ ቅጠሏ ጠወለገ አለች። እኔ ልዩነቱ አልታየኝም። እሷ ግን አንጀቷ አልቻለም። ከታች አባይ ይፈሳል፣ እዚያ ከገደሉ ላይ ሆነው ቢያዩት ያብለጨልጫል፣ ከላይ ደግሞ አንድ ጠብታ የለም። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይሄ ነው አለች። በማግስቱ ከቤተክርስቲያኑ ጠበል በጀሪካን አስቀድታ ወረደች፤ በቅሎዋ ላይ ሆና እጇን ዘርግታ፣ ስንጥቁ ውስጥ ቀስ አድርጋ አፈሰሰች። ውሃው ነጩን ድንጋይ አጥቁሮ ወረደ። ክረምት እስኪገባ ድረስ፣ ወደ ታች የሚወርድ ሰው ባገኘች ቁጥር ጠበል ታስይዝ ነበር። ሰውም ደስ ብሎት ያደርሳል፤ ለጽድቅ ነው፣ ማን እምቢ ይላል?

በዓመቱ ስንወርድ ስንጥቁ ባዶ ነው። ባዶ እንኳ አይደለም። ጥቁር የበሰበሰ ነገር ከውስጡ ተንሸራቶ ነጩን ድንጋይ አቆሽሾታል። በእንጨት ነካ ሳደርገው ሥሩ ተቆርጦ ወደቀ። ለካ እሷ ከውሃ ሸሽታ ነው እዚያ የወጣችው። በደረቅ ድንጋይ ላይ የኖረችው ውሃ አጥታ ሳይሆን ውሃ ስለማትፈልግ ነው።

እናቴ ከበቅሎዋ ላይ ሆና አየችው። የቤቱን ወሬ አልነገረችም።

«ባሌን ድንጋይ ገደለው» አለች። «እሷን ግን ድንጋይ አይደለም፣ እኔ ነኝ።»

ልጓሙን ይዤ ወጣሁ። ደግ ልሥራ ያለ ሰው ላይ የሚደርስ ነገር አለ፣ ክፉ ሰው ላይ እንኳ አይደርስም። ስለ በርበሬ እንኳ ማውራት አልቻልኩም።

ከዚያ ወዲህ እናቴ መውረድ ተወች። ቢሄዱም ምን ይታያል? ጉልበቷም ጨርሶ እምቢ አላት፤ ወደ ቅጽሩ ዘልቃ መቆም ስላቃታት ቅዳሴውን የምትሰማው ከደጀሰላሙ ውጭ፣ በገደሉ በኩል ባለው ግድግዳ ሥር ተቀምጣ ነው። ፀሐዩን ትሞቃለች፣ ከሰው ብዙም አታወራም። ስደውል ደህና ነኝ ትለኛለች፣ ትዘጋዋለች። ድሮ ስትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ቄሰ ገበዙ ደጀሰላሙን አንድ ጊዜ ገላገልኩት ብለው ደስ ብሏቸው ነበር። ከመንደሩ ወጥቶ ያለፈለት ሰው ሲሚንቶ ሰጥቶ፣ አሮጌው ጭቃ ሊረገፍና ግድግዳው ሁሉ ሊለሰን ነው። ከእንግዲህ ነጭ አፈር የለም፣ ምርጊት የለም። ለእናቴ ስነግራት ይሁን አለች፤ ይሁን ብቻ።

ሥራው የተጀመረው በግንቦት ነው። ያን ቀን ጠዋት ማርቆስ መናኸሪያ ተሰልፌ ሳለ እናቴ ደወለች። እሷ በራሷ ደውላ አታውቅም። «ና» አለችኝና ስልኩ ተዘጋ። የያዝኳቸውን ተሳፋሪዎች ለሌላ መኪና ሰጠሁ፣ በአምበር እንዴት እንዳለፍኩ አላስታውስም። በመንገዱ ላይ የማስበው አንድ ነገር ነው፤ በሕይወቷ እደርስባት ይሆን ወይስ አልደርስም?

ደጀሰላሙ ጋ ስደርስ በሕይወት አለች። በዚያው በገደሉ በኩል ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ ተቀምጣለች። በሌላው ጎን ሠራተኞቹ በመዶሻ ጭቃውን ያረግፋሉ፣ አቧራው ይጨሳል። ምን ሆንሽ ብዬ ጮህኩባት። በድንጋጤ ነው፣ ስደነግጥ እቆጣለሁ። ምርኩዟን አንስታ ወደ ላይ፣ ከራሷ በላይ፣ ከጣራው ክፈፍ ሥር ጠቆመችኝ።

መጀመሪያ ምንም አላየሁም። ቅጠሎቹ አመድማ ናቸው፣ ከግድግዳው አይለዩም። እንደ አህያ ጆሮ ጸጉር አላቸው። ምርጊቱ በተሰነጠቀበት መስመር፣ ዝናብ በማይደርስበት፣ የከሰዓት ፀሐይ ግን በሚያቃጥለው ቦታ፣ ክር የመሰሉ አገዳዎች ወጥተዋል። በየጫፋቸውም ያቺው የተልባ ቀለም፣ ወደ ወይን ጠጅ ያደላች፣ መሃሏ ቢጫ። አንድ ቦታ ብቻ አይደለም። ወዲያ ትንሽ አለፍ ብሎ ሌላ፣ ከዚያ ወዲህ ደግሞ ገና ያልፈካች።

መሬቱ ላይ ተቀመጥኩ። በዚያ ቁልቁለት፣ በዚያ ዳገት፣ ማን ይዞ አመጣት? ከበረሃ ወጥታ ደጋ ላይ፣ ብርድ ባለበት አገር፣ እንዴት ደፈረች? ከዚያ በአንዴ ሁሉም ነገር መጣልኝ። መጥረጊያው። ከአበባዋ ሥር የተጠረገው አቧራ፣ መራጊው ገለባ ነው ብሎ ያማረረበት። በዶማ ቢቆፈር ኖሮ የሚመጣው የታች አፈር ነበር፣ ዘር የሌለው። ዘሯ የተኛው ከላይ ነበር። እናቴ በባሌ ላይ ዶማ አይነሳም ስላለች ብቻ ዘሩ ከጭቃው ጋር ቦክቶ፣ እዚህ ተለጥፎ፣ ይሄን ሁሉ ጊዜ ግድግዳው ውስጥ ተኝቶ ኖሯል። አበባዋ ገደሉ ላይ ስትበሰብስ እዚህ በሕይወት ነበረች።

ይሄንኑ እየተቻኮልኩ፣ እየተንተባተብኩ ለእናቴ አስረዳኋት። ዘር ማለት እኮ እማዬ፣ ያኔ በመጥረጊያው፣ እያልኩ። ስጨርስ እንደ ሞኝ አየችኝ።

«አውቃለሁ» አለችኝ። «በምን ትምጣ ታዲያ፣ ባንተ መኪና?»

ቄሰ ገበዙ ሠራተኞቹን አስከትለው ወደዚህኛው ጎን ዞሩ፤ ተራው የዚህ ግድግዳ ነው። እናቴ አልተነሳችም። መነሳትም አትችልም። ቀና ብላ ዓይን ዓይናቸውን እያየች «አባቴ፣ መዶሻውን አንድ ጊዜ ያስቁሙልኝ» አለቻቸው፤ ወደ ላይም አመለከተቻቸው። ቄሰ ገበዙ ፍትሐቱን ያደረሱ ሰው ናቸው። አበባዋን በወሬ እንጂ በዓይናቸው አይተዋት አያውቁም። ቢሆንም ነገሩ ሳይነገራቸው ገባቸው። ቀረብ ብለው ግድግዳውን እንደ ቤተክርስቲያን ደጃፍ ሳሙት። ሲዞሩ ዓይናቸው ርሷል። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም አሉ፤ ሦስቱን ወገን ለስኑት፣ ይሄኛውን ማንም እንዳይነካው።

ሠራተኞቹ መሰላላቸውን አንስተው ሄዱ። እናቴ ግን አልጨረሰችም።

«እንግዲህ አባቴ» አለቻቸው፣ «እኔ ስሞት እዚህ ሥር ይቆፍሩልኝ። አጠገቡ እንድሆን። ውሃ ግን ማንም እንዳያፈስበት።»

እሺ አሏት። ከወደቀው ፍርስራሽ ነጭ ድንጋይ መርጠው፣ በመስቀላቸው ባርከው፣ ከግድግዳው ሥር ለምልክት አስቀመጡላት። እናቴ ቦታውን በምርኩዟ ወጋ ወጋ አደረገችው፤ አፈሩ ለስላሳ መሆኑን ስታይ ራሷን ነቀነቀች። ቤት ልትሠራ ቦታ የተመራች ሴት ነበር የምትመስለው።

ሁሉም ከሄዱ በኋላ ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። እንኳን ደህና መጣህ አለችው። ከዚያም ያልነገረችውን የዓመታቱን ወሬ ከመጀመሪያው ትነግረው ጀመር፤ ላሟ እንደተሸጠች፣ መንገዱ ተዘግቶ እንደነበረ፣ ጉልበቷ እንዴት እንደሚያደርጋት። ደጀን ላይ ማርቆስ የሚሄድ ተሳፋሪ መኪና እየጠበቀ ነበር። ይጠብቅ ብዬ አጠገቧ ተቀመጥኩ። አንዲት ደቃቃ ንብ በራሳችን ላይ አልፋ ወደ ክፈፉ ሥር ገባች።

እናቴ ወሬዋን ሳታቋርጥ እጇን ጭንቅላቴ ላይ አደረገች።

«ልጅህም ይኸው እዚህ አለ» አለችው። «አሁንም ቶሎ ይቆጣል። ግን ስጠራው ይመጣል።»